ጅረቱ በየት ይመለሳል? የአማተር ራዲዮ አንቴናና የመሬት ሽቦ

አንድ አማተር በጓሮው ለ40 ሜትር ባንድ የሚሆን ቀጥ ያለ አንቴና ያቆማል። ከሥሩ ጥቂት አጫጭር ሽቦዎች በትኖ መለኪያውን ሲያይ የቋሚ ሞገድ ምጥጥኑ አንድ ለአንድ ነው። ማሠራጫው አላጉረመረመም፤ ባለቤቱም ደስ ብሎታል። ከወር በኋላ ሽቦ ያገኝና ሠላሳ መስመር ጨምሮ ዙሪያውን ይዘረጋል። መርፌው ወደ 1.3 ይወጣል። «ሽቦው አንቴናውን አበላሸው» ብሎ የሚነቅለው ሰው ጥቂት አይደለም፤ አየር ላይ የሚወጣው ኃይል ግን ጨምሯል።

በሂሳብ ሲታይ ነገሩ ቀላል ነው። ርዝመቱ የሞገዱ ሩብ የሆነ ቋሚ አንቴና እጅግ ጥሩ መሬት ላይ ሲቆም የጨረራ ተቃውሞው ወደ 36 ኦም ይጠጋል። ኃይሉን ወደ ሞገድ የሚለውጠው ይህ ክፍል ነው። ከማሠራጫው የሚመጣው ኬብል የሚፈልገው 50 ኦም በመሆኑ፣ አፈሩ 14 ኦም ኪሳራ ቢያዋጣ ድምሩ ልክ 50 ይመጣል። መለኪያው ይስቃል፤ ከ100 ዋት ውስጥ ግን 28ቱ የሚያሞቀው የምድር ትሎችን ነው። ሽቦ ተጨምሮ ኪሳራው ወደ 2 ኦም ሲወርድ ድምሩ 38 ይሆናል፣ ምጥጥኑም ከፍ ይላል፤ ወደ አየር የሚሄደው ኃይል ግን 95 ዋት ገደማ ይደርሳል። መለኪያው የሚመሰክረው አንቴናውና ኬብሉ ስለ መጣጣማቸው ብቻ ነው። ኃይሉ የት እንደደረሰ እሱን መጠየቅ ከንቱ ድካም ነው።

ዳይፖል የሚባለው አንቴና ሁለት እኩል ክንዶች አሉት፤ በአንዱ በሄደው ልክ በሌላው ይመለሳል። አንድ ክንድ ብቻ ያለው ቋሚ አንቴና የጎደለውን ግማሽ ከሌላ ቦታ መዋስ አለበት። ማሠራጫው ወደ ላይ ለሚገፋው ጅረት ከታች የሚደገፍበት ነገር ካላገኘ፣ እግሩን ሳያሳርፍ ግድግዳ ለመግፋት እንደሚታገል ሰው ይሆናል። ያ የታችኛው ግማሽ በአፈር የተቀበረ የሽቦ መረብ፣ ከምሰሶው ሥር በየአቅጣጫው ሣር ላይ የተነጠፉ ሽቦዎች (ራዲያሎች)፣ ወይም ከመሬት ተለይቶ የተዘረጋ ካውንተርፖይዝ ሊሆን ይችላል። የመኪና ጣራና የቤት ቆርቆሮም ያገለግላሉ። አንዱም ባይኖር ጅረቱ መመለሱን አይተውም፤ በኮአክሲያል ኬብሉ ውጫዊ ገጽ፣ በቤቱ የመብራት መስመር፣ ማይክሮፎን በያዘው እጅ በኩል ይመለሳል። ስለዚህ «ይህ አንቴና ካውንተርፖይዝ አለው ወይስ የለውም?» የሚለው የአማተሮች የዘወትር ጭቅጭቅ ከመነሻው ጎዶሎ ነው። ሁሉም አለው። አንዳንዱ ታስቦበት የተሠራ ነው፤ ሌላው ሳይጠራ የመጣ ነው።

ጥያቄው ከራዲዮ ጋር እኩል ዕድሜ አለው። ጉሊዬልሞ ማርኮኒ በ1895 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ቦሎኛ አጠገብ በሚገኘው የቤተሰቡ መኖሪያ፣ በቪላ ግሪፎኔ፣ የማሠራጫውን አንዱን ጫፍ ወደ ላይ ሰቅሎ ሌላውን ከመሬት ሲያገናኝ ምልክቱ ኮረብታ ተሻግሮ ወደ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄደ። ከዚያ በፊት የነበሩት ሙከራዎች ከክፍልና ከአትክልት ቦታ ብዙም አልራቁም ነበር። እንግሊዛዊው ፊዚክስ ሊቅ ኦሊቨር ሎጅ ግን በዚህ አልተማረከም። በእርሱ እይታ መሬት ጅረት የሚበላ፣ የሞገዱን ምርጫም የሚያደበዝዝ ነገር ነበር። ከአሌክሳንደር ሙርሄድ ጋር ባዘጋጀው ሥርዓት ውስጥ የታችኛው ክፍል ከአፈር ተለይቶ የተዘረጋ ሰፊ የብረት ገጽ ሆነ። ዛሬ «ራዲያል ልቅበር ወይስ ልስቀል?» እያለ የሚያመነታ አማተር ሳያውቀው በሁለቱ ሰዎች መካከል ቆሟል።

አማተሮች የጉዳዩን ክብደት በትልቁ ያሳዩት በታኅሣሥ 1921 ነው። በኮነቲከት ግሪኒች ውስጥ 1ቢሲጂ የሚል የጥሪ ምልክት የያዘ ጣቢያ ተቋቋመ፤ ከሠሪዎቹ አንዱ በኋላ የኤፍ.ኤም. ራዲዮ አባት የተባለው ኤድዊን አርምስትሮንግ ነበር። ጣቢያው ከአንቴናው ሥር በራዲያል መልክ የተዘረጋ ካውንተርፖይዝ ተጠቅሞ በ230 ሜትር ሞገድ ሠራ። አትላንቲክን ተሻግሮ ስኮትላንድ ውስጥ አርድሮሳን በተባለ የባሕር ዳር ከተማ፣ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ያዳምጥ የነበረው ፖል ጎድሊ ምልክቱን ሰማ። ጎድሊን የላከው የአሜሪካ አማተሮች ማኅበር ነበር። የዘመኑ ባለሙያዎች ከ200 ሜትር አካባቢ ጀምሮ ወደ ታች ያለውን ሞገድ ለሩቅ ግንኙነት እንደማይረባ ቆጥረው ለአማተሮች የተዉት በመሆኑ፣ የዚያ ሌሊት ውጤት ግምታቸውን አናጋው።

እስከዚህ ድረስ የነበረው ሁሉ ግምትና ልምድ ነው። ቁጥር ያመጡት የአሜሪካው የራዲዮ ኩባንያ የአር.ሲ.ኤ. መሐንዲሶች ጆርጅ ብራውን፣ ሮበርት ሉዊስና ጄስ ኤፕስታይን ናቸው። በኒው ጀርሲ አንድ ሜዳ ላይ በ3 ሜጋኸርዝ ሲሠሩ 2፣ 15፣ 30፣ 60 እና 113 ራዲያሎችን በየተራ እየቀበሩ የአንቴናውን ተቃውሞና በርቀት የሚደርሰውን የምልክት ጥንካሬ ለኩ። ውጤቱ በሰኔ 1937 ታተመ። ሽቦው ጥቂት ሲሆን ተመላሹ ጅረት አብዛኛውን መንገድ የሚጓዘው በአፈር ነው። ሽቦው ሲበዛ ግን ጅረቱ አፈሩን ትቶ መዳቡን ይይዛል። ሌላም ያልተጠበቀ ነገር ወጣ፤ ከሥር ያለው መረብ ጥሩ ከሆነ አጠር ያለ ምሰሶ ከረጅሙ ብዙም አያንስም። የአሜሪካ መካከለኛ ሞገድ ጣቢያዎች እስከ ዛሬ የሚታወቁበት 120 ራዲያል ሥሩ ከዚህ ሥራ ነው። በ1 ሜጋኸርዝ የሩብ ሞገድ ርዝመት 75 ሜትር ነው፤ ያ ማለት ለአንድ ምሰሶ 9 ኪሎ ሜትር መዳብ ማለት ነው። መዳብ በኪሎ በሚሰረቅበት በዚህ ዘመን ለጣቢያ ባለቤት እንቅልፍ የሚነሳ ቁጥር ነው።

ስለ ብራውን የሚነገር አንድ ጨዋታ አለ። ዛሬ በየጣራው የሚታየውን፣ ከሥሩ አራት ዘንጎች የሚወጡለትን የግራውንድ ፕሌን አንቴና ሲነድፍ ሁለት ዘንግ እንደሚበቃ ያውቅ ነበር። የሽያጭ ሰዎቹ ግን ሁለት ዘንግ ብቻ ያለው ነገር በሁሉም አቅጣጫ እኩል ያሠራጫል ብሎ የሚያምን ገዢ አናገኝም ስላሉ አራት ሆነ ይባላል።

የብራውን ቁጥር ለአማተሩ ሸክም ሆነበት። 120 ሽቦ የሚዘረጋበት ሜዳ ያለው ማን ነው? በየመጽሐፉ 120 እየተባለ ሲጻፍ ብዙዎች ወይ ቋሚ አንቴናን ጭራሽ ተዉ፣ ወይ አራት ሽቦ ጥለው በጸጸት ኖሩ። ከዚህ ያላቀቃቸው ጆን ስታንሊ በ1976 በኪው.ኤስ.ቲ. መጽሔት ያወጣው ስሌት ነው። ስታንሊ ጥያቄውን ገለበጠው፤ ያለህ ሽቦ ይህን ያህል ከሆነ እንዴት ብትቆራርጠው ይሻልሃል? ለ40 ሜትር ባንድ ሲሰላ እንዲህ ይመጣል። እያንዳንዳቸው 4.2 ሜትር የሆኑ 16 ራዲያሎች፣ በድምሩ 68 ሜትር ገደማ ሽቦ፣ ከምርጡ መረብ በ3 ዴሲቤል ያንሳሉ። እያንዳንዳቸው 8.5 ሜትር ገደማ የሆኑ 60 ራዲያሎች ልዩነቱን ወደ 1 ዴሲቤል ያወርዱታል፤ ሽቦው ግን ግማሽ ኪሎ ሜትር ይሆናል። የመጨረሻዋን ዴሲቤል ለማግኘት 17 ሜትር የሚረዝሙ 120 ሽቦዎች፣ ማለትም 2 ኪሎ ሜትር መዳብ ያስፈልጋል። ሌላው ወገን ያለው አዳማጭ አንድ ዴሲቤልን በጆሮው ለመለየት ይቸገራል። ከዚህ የወጣው ምክር ዛሬም ይሠራል፤ ሽቦ ሲያንስ ጥቂት ረጃጅም ከመዘርጋት ብዙ አጫጭር መዘርጋት ይሻላል። የ16ቱ ራዲያል አንቴና 52 ኦም ገደማ ስለሚያሳይ፣ በመለኪያው ፊት ከሁሉም በላይ የሚያምረው ደካማው ነው።

መሐንዲሱ ሩዲ ሰቨርንስ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነገሩን እንደገና ወደ ሜዳ አወጣው። የሽቦውን ቁጥር ከ4 እስከ 64 እየለዋወጠ፣ በሣር ላይ አንጥፎም ከመሬት ከፍ አድርጎም ለካ። ከ16 በኋላ የሚጨመረው ሽቦ የሚመልሰው እያነሰ እንደሚሄድ አረጋገጠ። የበለጠ ያስገረመው ከፍ ብለው የተሰቀሉት ናቸው። ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ያሉ አራት ራዲያሎች ብቻ፣ መሬት ላይ ከተነጠፉ 64 ጋር የሚቀራረብ ውጤት ሰጡ። ምክንያቱ ሥውር አይደለም። ሽቦው ከአፈሩ ሲርቅ ጅረቱ ወደ አፈር የሚገባበት ዕድል ይቀንሳል፤ መሬት ላይ የተነጠፈው ግን በየእርምጃው ከጭቃው ጋር ይጋራዋል።

ታዲያ ሁሉም ለምን አይሰቅልም? ከፍ ያለ ራዲያል ዋጋ ያስከፍላል። የአየር ላይ ሽቦ ርዝመቱ በልክ መቆረጥ አለበት፤ ለ7.1 ሜጋኸርዝ (ለ40 ሜትር ባንድ) 10 ሜትር ገደማ። ባንድ ሲቀየር ሌላ ሽቦ ይፈለጋል። ጫፎቹ ላይ የሚፈጠረው ቮልቴጅ የሚነካ ልጅ ወይም ውሻ ያቃጥላል፤ በጉሮሮ ቁመት የተወጠረ ሽቦም ለማታ መንገደኛ ጠንቅ ነው። የተነጠፈው ተቃራኒ ባሕርይ አለው። አፈሩ ሞገዱን ስለሚያዘገየው ሽቦው በኤሌክትሪክ ዓይን ከእውነተኛ ርዝመቱ ይረዝማል፤ ቁጥሩ ሲበዛ ደግሞ ልኩ ከነጭራሹ ትርጉም ያጣል። በማስመሪያ እየለኩ የሚቀበር ራዲያል የሚቆርጡ ሰዎች ጊዜያቸውን በከንቱ ያጠፋሉ። በአንጻሩ አራት ብቻ ሲነጠፉ፣ ሩብ ሞገድ ተብሎ የተቆረጠው ሽቦ ከልኩ አልፎ ኪሳራ ሊያባብስ ይችላል፤ ሰቨርንስ ሲያሳጥራቸው ውጤቱ ተሻሽሏል።

ራዲያል የማይነካው ሌላ ኪሳራም አለ። በአንቴናው ሥር ያለው መረብ የሚያድነው የቅርቡን ጅረት ነው። ወደ አድማስ ዝቅ ብሎ የሚወጣው ሞገድ ግን ከመቶ ሜትሮች እስከ ኪሎ ሜትሮች ርቀት ባለው መሬት ላይ ነጥሮ ነው ቅርጹን የሚይዘው፤ ያንን መሬት ማንም በሽቦ አይሸፍነውም። የመካከለኛ አፈር አስተላላፊነት በሜትር 0.005 ሲመንስ አካባቢ ሲሆን የባሕር ውኃ ወደ 5 ይደርሳል፤ ሺህ እጥፍ። በ2008 በፓሲፊክ ወደ ዱሲ ደሴት የዘመተው ቪፒ6ዲኤክስ የተባለ የአማተሮች ቡድን ከ180 ሺህ በላይ ግንኙነት ሲያደርግ፣ ውኃ ዳር ያቆማቸው ቋሚ አንቴናዎች ድርሻ ነበራቸው። ጨዋማ ውኃ አጠገብ የቆመች ቀላል ምሰሶ በደረቅ ኮረብታ ላይ ካለ ውድ አንቴና ስትበልጥ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

የዛሬው ትልቁ ክርክር ግን ያለው ራዲያል ላይ አይደለም። ባለፉት ዓመታት በሰገነት፣ በመናፈሻና በተራራ ጫፍ የገነነው ከጫፉ የሚመገብ ግማሽ ሞገድ ሽቦ ነው፤ ለ40 ሜትር 20 ሜትር ገደማ ይረዝማል። ሻጮቹ «ካውንተርፖይዝ የማይፈልግ» ይሉታል። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። የሽቦው ጫፍ ኢምፒዳንስ (ለራዲዮ ጅረት የሚያሳየው ተቃውሞ) ወደ 2450 ኦም ይጠጋል፤ 49 ለ 1 የሆነ ትራንስፎርመር ወደ 50 ያወርደዋል። በ100 ዋት እዚያ ጫፍ ላይ የሚፈሰው ጅረት 0.2 አምፒር ብቻ ሲሆን፣ በሩብ ሞገዱ ምሰሶ ሥር ግን 1.6 አምፒር ነው። አንድ ስምንተኛ ለሆነ ጅረት አንድ ሁለት ሜትር ሽቦ ይበቃል። የቀረው ግማሽ ግን ውሸት ነው፤ 0.2 አምፒርም ቢሆን መመለሻ ይፈልጋል። ሽቦ ካልተሰጠው የኮአክሲያል ኬብሉን ውጫዊ ገጽ ይዞ ክፍል ውስጥ ይገባል። አምራቹ «የለም» ያለው ካውንተርፖይዝ ኬብሉ ራሱ ነው።

መፍትሔው ለጅረቱ ድንበር ማበጀት ነው። ከትራንስፎርመሩ ሁለት ሜትር ያህል ርቆ፣ ኬብሉን በፌራይት ቀለበት ላይ ደጋግሞ በመጠምጠም የሚሠራ ማነቂያ ሲገባ፣ ከማነቂያው ወዲያ ያለው ቁራጭ ካውንተርፖይዝ ሆኖ ያገለግላል፣ ወዲህ ያለው ደግሞ ኬብል ብቻ ሆኖ ይቀራል። ጫፉ ላይ ወደ 500 ቮልት እንደሚደርስ ግን መዘንጋት የለበትም። ያገኙትን ርዝመት ሽቦ በ9 ለ 1 ትራንስፎርመር የሚመግቡ ሰዎች ችግር ከዚህ ይብሳል፤ ኢምፒዳንሱ ከባንድ ባንድ ስለሚዋዥቅ ለእነሱ ሽቦ መጨመር ግዴታ ነው።

ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው ሌላ ወጥመድ አለ። በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ያለ አማተር ራዲዮውን «መሬት ላስይዝ» ብሎ 10 ሜትር ሽቦ ወደ ታች ሰድዶ መሬት ውስጥ ከተመታ ዘንግ ጋር ቢያስር፣ ለ7 ሜጋኸርዝ ያ ሽቦ ልክ ሩብ ሞገድ ነው። ሩብ ሞገድ ከታች ያለውን ዝቅተኛ ኢምፒዳንስ ከላይ ከፍተኛ አድርጎ ያሳያል። ራዲዮው ሽቦ እያለው ከመሬት የተቆረጠ ያህል ይሆናል፤ ማይክሮፎኑ ከንፈር ይቆነጥጣል፣ ኮምፒውተሩ ቀጥ ይላል። ያው ሽቦ በ14 ሜጋኸርዝ ግማሽ ሞገድ ስለሚሆን ነገሩ ሰላም ይሆናል። ብዙ ሰው በአንዱ ባንድ ጤናማ፣ በሌላው በሽተኛ የሆነ ጣቢያ ይዞ ምስጢሩን ሲፈልግ የሚኖረው ለዚህ ነው። ወለል ላይ በግድግዳው ጥግ የተዘረጋ፣ ለየባንዱ በልኩ የተቆረጠ ሽቦ ከዚያ ረጅም መስመር ይሻላል። ሽቦውን በኮይልና በካፓሲተር የሚያስተካክሉ «ሰው ሠራሽ መሬት» የሚባሉ ሣጥኖችም ይሸጣሉ፤ ይሠራሉ፣ ባንድ በተቀየረ ቁጥር ቁልፍ ማዞር የማይሰለቸው ሰው ከሆነ።

የመሬት ዘንጉስ? የእርሱ ሥራ ሌላ ነው፣ ሁለቱን ማምታታትም ሰው ይገድላል። ባለ 2.4 ሜትር ዘንግ ለራዲዮ ሞገድ ደካማ መመለሻ ነው፤ ጅረቱ በአንቴናው ዙሪያ በሰፊው መሬት ላይ ተሰራጭቶ ስለሚመጣ አንድ ነጥብ ላይ የቆመ ዘንግ ጥቂቱን ብቻ ይቀበላል። ዘንጉ የሚያስፈልገው ለመብረቅና ለኤሌክትሪክ አደጋ ነው። በዚህ በኩል ደግሞ ዋናው ስህተት ዘንጉን ለብቻው መተው ነው። የራዲዮው ዘንግ ከቤቱ የመብራት ዘንግ ካልተገናኘ፣ አቅራቢያ መብረቅ ሲወድቅ በሁለቱ መካከል በሺህ የሚቆጠር ቮልት ልዩነት ይፈጠራል፣ የሚያገናኛቸው ብቸኛ መንገድም ራዲዮው ይሆናል። የአሜሪካ ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ደንብ በአንቀጽ 810 ሁለቱ በቁጥር 6 የመዳብ ሽቦ ወይም ከዚያ በወፈረ እንዲታሰሩ የሚያዘው ለዚህ ነው።

ብሪታንያ ውስጥ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በብዙ ቤቶች የአቅርቦቱ ኒውትራልና የመሬት መስመር ከመንገድ ጀምሮ አንድ ሽቦ ነው። ያ ሽቦ መንገድ ላይ ቢበጠስ በቤቱ ያለ ብረት ሁሉ የመስመሩን ቮልቴጅ ሊይዝ፣ ጅረቱም በአማተሩ ዘንግና ራዲያል በኩል መውጫ ሊፈልግ ይችላል። ጓሮ ውስጥ እርጥብ ሣር ላይ ቆሞ አንቴናውን የሚነካ ሰው ያለው አደጋ ግልጽ ነው። የእንግሊዝ አማተሮች ማኅበር ስለዚህ ብቻ መመሪያ አሳትሟል። ከአሜሪካ መጽሐፍ የተቀዳ ምክር ለንደን ላይ፣ ወይም የትም ሌላ ቦታ፣ የአካባቢውን አቅርቦት የሚያውቅ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሳይጠየቅ ሊሠራበት አይገባም።

በአዲስ አበባ የአማተር ራዲዮ ስም የሚጠራው በአምስት ኪሎው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ባለው የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር የክለብ ጣቢያ፣ በኢቲ3ኤኤ ነው። ለአገሩ ደጋ የሚነሳው ጥያቄ ከመጻሕፍቱ ትንሽ ይለያል። መረሬ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ሲያብጥ ጥሩ አስተላላፊ ነው፤ በበጋ ደርቆ ሲሰነጣጠቅ ከተቀበረው ብረት ይለያያል። ሐምሌ ላይ የተለካ የዘንግ ተቃውሞ የካቲት ላይ ያው ነው ማለት አይቻልም። እንደ እንጦጦ ባለ ድንጋያማ ኮረብታ ላይ ደግሞ ሁለት ሜትር ዘንግ መምታት ዘበት ነው፤ እዚያ የተነጠፈ ወይም የተሰቀለ ሽቦ ብቻ ይቀራል። የክረምቱ መብረቅ ግን ለመረሬውም ለኮረብታውም አይራራም።

በራዲያሎች ብዛት የሚመጣውን ልዩነት ለመለካት ዛሬ የአር.ሲ.ኤ. ሜዳና በጀት አያስፈልግም። በ1993 የፊዚክስ ኖቤል የተሸለመው ጆ ቴይለር በ2008 ያወጣው ደብሊው.ኤስ.ፒ.አር. የተባለ ፕሮግራም፣ ከአንድ ዋት ያነሰ ምልክት እየላከ በዓለም ዙሪያ ያሉ ተቀባዮች ምን ያህል ጠንክሮ እንደደረሳቸው ይመዘግባል። ሁለት ማሠራጫ ያለው ሰው አንዱን ባለ 4 ራዲያል፣ ሌላውን ባለ 16 ራዲያል ምሰሶ ላይ አስሮ በአንድ ጊዜ ይለቃል። ጥንቃቄ የሚጠይቀው ሁለት ቦታ ነው። ሁለቱ ማሠራጫዎች እኩል ኃይል ስለማያወጡ በየጊዜው መቀያየር አለባቸው። አዮኖስፌር የተባለው የላይኛው የከባቢ አየር ክፍል በደቂቃዎች ውስጥ ምልክቱን በ10 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ ስለሚያወዛውዘው ደግሞ አንድ ምሽት ላይ የተገኘ ንባብ ምንም አይነግርም፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥንድ ንባቦች ተሰብስበው አማካያቸው መታየት አለበት። የ3 ዴሲቤል ልዩነት በዚህ መንገድ በጥቂት ቀናት ጎልቶ ይወጣል። በ60 እና በ120 ራዲያል መካከል ያለችውን 1 ዴሲቤል የሚያሳድድ ሰው ግን ከሳምንታት በፊት ባይጠብቃት ይሻለዋል።